ሊኔት የተከለቻት የበረዶ ጠብታ

ሚስተር አምብሮዝ ዊትኮም ክፉ ሰው አልነበሩም። የጎረቤት ጣሪያ ቢያፈስ መሰላላቸውን ተሸክመው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። መኪናው ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበት ሰውም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። አንድ ነገር ግን ለማንም አይሰጡም፤ ሚስታቸው ሊኔት የተከለቻትን የበረዶ ጠብታ።

የበረዶ ጠብታ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሌላው ተክል ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከአፈር ብቅ የምትል፣ አንገቷን የደፋች ትንሽ ነጭ አበባ ናት። እነ አምብሮዝ በሚኖሩበት በሽሮፕሸር አውራጃ ገጠር የማያበቅላት የለም። ሊኔት ያገኘቻት ግን ከሌሎቹ ትለያለች። በውስጠኛው የአበባ ቅጠሏ ላይ የወፍ እግር ዱካ የመሰለ አረንጓዴ ምልክት አለባት፤ እንዲህ ያለችውን በመንደራቸው በክላንፎርድ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሊኔት ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ጥግ አግኝታ፣ በሻርፗ ጠቅልላ አመጣቻትና ባሏ በገዛ እጃቸው በገነቡት የድንጋይ አጥር ሥር ተከለቻት። ስም ሳታወጣላት ሞተች።

የአገሩ አበባ ወዳዶች አንድ ልማድ አላቸው። ብርቅ አበባ ያለው ሰው ከአፈር በታች ያለችውን፣ ትንሽ ሽንኩርት የምትመስለውን ኮረት ነቅሎ አንዷን ለወዳጁ ይሰጣል። የራሱ ያለቀችበት ዕለት ወዳጁ ጋ ሄዶ ይለምናል፤ ወዳጁም ሳያንገራግር ይመልስለታል። ሊኔት በሕይወት ብትኖር መንደሩን ባዳረሰች ነበር። አምብሮዝ ግን ከእሷ ሞት በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። አበባዋን ለሰው መስጠት ሊኔትን ራሷን ቆርሶ መስጠት መሰላቸው። ለምነው ፊት የተነሱ ወዳጆቻቸውም አንድ በአንድ ከቤቱ ቀሩ።

ልጃቸው ብራዮኒ ነበረችላቸው። ብራዮኒ በመንደሩ አይብ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሳቋን ከእናቷ፣ ግትርነቷን ከአባቷ ወስዳለች፤ ሁለቱም ተርፈዋት ነበር።

በዓመት አንድ እሑድ፣ በየካቲት፣ አምብሮዝ እንደ መንደሩ ደንብ ግቢያቸውን ለጎብኚ ይከፍታሉ። ማሳየት አይጠሉም፤ መስጠት ነው እንጂ። ያን እሑድም ሰው ሲገባ ሲወጣ ውሎ፣ ብራዮኒ ሻይና ኬክ ስታድል ውላ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ያኔ ነው አንድ ረጅም ወጣት ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያየችው። ሌላው ጎብኚ ሁሉ እናቷ የተከለቻትን አበባ አይቶ «ወይ ውበት!» ብሎ ነበር የሚሄደው። ይኼኛው ግን ግንባሩን ቋጥሮ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ፈዞ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ በሩን ልንዘጋ ነው» አለችው።

«አሟታል» አለ ዘወር ሳይል።

«ማንን?»

«እሷን። ቅጠሏን እዪው፤ ጫፉ ቀልቷል። ደግሞ ተጨናንቀዋል። ኮረቶቹ ተፋፍገው አንዱ ሌላውን አንቆ ሊገድለው ነው። ተነቅለው ቢለያዩ ኖሮ...» ዘወር ሲል ዓይናቸው ተጋጨ። የቀረውን ቃል ዋጠው።

ብራዮኒ መናደድ ነበረባት። የሰውዬው ጆሮ ግን እያየችው ቀላ፣ እሷም መናደዷን ረሳችው።

«የአበባ ሐኪም ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ጄትሮ እባላለሁ።»

«ብራዮኒ። ለመሆኑ አስተማሪ ሰው ቤት ገብቶ፣ የሞተ ሳይኖር መርዶ ይናገራል?»

«ሳልጠየቅ መናገር በሽታዬ ነው።»

«እሱንስ ማን ያክምልህ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ስኒዎቹ እጇ ላይ ተንኳኩ።

አምብሮዝ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነበር። ከወጣቱ የኋላ ኪስ የመኮትኮቻ እጀታ ብቅ ብሏል። በክላንፎርድ የበረዶ ጠብታ ሊያይ ሲሄድ መኮትኮቻ በኪሱ የሚይዝ ሌባ ብቻ ነው። ብርቅ ኮረት ቆፍሮ በካልሲው ደብቆ የሚወጣ እንዳለ ሕፃን ያውቃል። ጄትሮ ከትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ በቀጥታ መጥቶ፣ መኮትኮቻው ኪሱ ውስጥ መኖሩን ጭራሽ ረስቶት ነበር። በዚህ አገር ከዚህ የባሰ መርሳት የለም።

«አንተ!» አሉ አምብሮዝ እየተንደረደሩ። «ኪስህን አራግፍ!»

ጄትሮ አራገፈ። ጠመኔ፣ ሲባጎ፣ ግማሽ ብስኩት ወጣ።

«ይኸው ነው፣ ሚስተር ዊትኮም። መኮትኮቻው የትምህርት ቤት ነው፣ እምልልዎታለሁ።»

«ውጣልኝ! ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትደርስ!»

«አባዬ፣ ምንም አልነካም እኮ!» አለች ብራዮኒ።

«ሳይነካ ስለደረስኩበታ!»

ጄትሮ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ ብራዮኒን አያት። ብራዮኒ ያን ሌሊት የተኛችው ያቺን አስተያየት ይዛ ነው።

ቅዳሜ ጄትሮ ብራዮኒ የምትሠራበት ቦታ አይብ ሊገዛ መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜም። ከዚያም ሰኞ ጭምር።

«ይኼን ሁሉ አይብ ማን ይበላልሃል?» አለችው።

«ማንም። ቤቴ አይጥ ከሩቅ አገር ሁሉ እየመጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትገዛለህ?»

«ዝም ብዬ ቆሜ ባይሽ አሠሪሽ ያባርረኛል ብዬ ነዋ።»

ወደደችው። ሌላ ምን ይባላል? ወደደችው። ወንዙ ዳር አብረው ሲሄዱ ስለ ኮረት ሲያወራላት እጆቹ አየር ላይ ይቆፍራሉ፣ ይተክላሉ። አበባዋ ረግፋ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ተፋፍገው ያሉትን ነቅሎ፣ ለያይቶ፣ ወዲያው መልሶ መትከል እንደሚገባ ነገራት። አባቷን ለመነቻቸው። ጆሮ አልሰጧትም።

«እናትሽ የተከለችውን ማንም አይነቅለውም» አሉ። «ይኼ የዚያ ልጅ ወሬ ነው፣ አይደል? አፍንጫዬ የአይብና የጠመኔ ሽታ አይለይም ብለሽ ነው?»

ጸደይ ገባ። የሌላው ሰው የበረዶ ጠብታ ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ የሊኔት ቀድማ ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ቀላች፣ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ጎመን መሬት ላይ ተኛች። ብራዮኒ አንድ ጠዋት አባቷ ቁርስ ሲበሉ አካፋ ይዛ ወጣች። ስትቆፍር መጀመሪያ ያገኘችው ሽታውን ነው። ኮረቶቹ ገና ሲነኩ እጇ ላይ ፈረሱ። አንዱን ጣለች፣ ሌላውን ጣለች። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ጠንካራ ቀረች። እሷም ቢሆን ጎኗ ላይ ቀይ ጠባሳ ጀምሯታል።

አምብሮዝ ከኋላዋ ደርሰው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መልሺያት» አሉ ቀስ ብለው።

«አባዬ፣ አፈሩ ራሱ ታሟል። እዚህ ከመለስኳት ትሞታለች።»

«ከሞተችም እናትሽ የተከለችበት ትሙት።»

«ጄትሮ ሊያድናት ይችላል። ይሰነጥቋታል፣ ከእያንዳንዱ ስንጣቂ ሌላ ትወለዳለች።»

«በቢላ?» አሉ አምብሮዝ። «የሊኔትን የመጨረሻዋን በቢላ? በዚያ ሌባ እጅ?»

ብራዮኒ አባቷን ትወድ ነበር። እንዲህ ቅስማቸው ተሰብሮ አይታቸው አታውቅም። ነገር ግን እናቷ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ያዳነቻት አበባ አሁን ያለችው በእሷ መዳፍ ውስጥ ብቻ ነው።

«አልሰረቅኳትም፣ አባዬ። ፊትህ ቆሜ ነው የምወስዳት» አለች። ጣቶቿን ጨብጣ በበሩ ወጣች።

ጄትሮ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ነው የሚኖረው። ኮረቷን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዙሮ አያት።

«ወቅቷ ደርሷል፤ ብንቆይ ጠባሳው ይጨርሳታል። ግን እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «ከተሰነጠቀች በኋላ ሁሉም ሊበሰብሱ ይችላሉ። ያኔ ምንም የለም።»

«ካልተሰነጠቀችስ?»

«ያኔ በእርግጠኝነት ምንም የለም።»

ጠረጴዛውን በአልኮል ጠረገ፣ ምላጩንም ነከረ። የታመመውን ልጣጭ ልጦ ጣለ። ከዚያ ምላጩን ለእሷ ዘረጋላት።

«አንተ ቁረጥ እንጂ! እኔ መች ቆርጬ አውቃለሁ?»

«የእናትሽ ናት። እንዴት እንደሆነ አሳይሻለሁ፤ እጁ ግን ያንቺ ይሁን። ብትሞት እንኳ ሌላ ሰው ገደላት አትዪም፤ ብትድን ደግሞ አንቺ ነሽ ያዳንሻት።»

ምላጩን ተቀበለች። ጄትሮ መዳፉን በእጇ ላይ አሳረፈ። «መቀመጫዋን እዪ፤ ሥር የሚወጣበት ይኼ ነው። እያንዳንዱ ስንጣቂ ከዚህ ትንሽ ሊደርሰው ይገባል። ያልደረሰው አይወልድም።» ብራዮኒ ቆረጠች። ኮረቷ እንደ ብርቱካን ተከፈለች። ግማሾቹን እንደገና ከፈለቻቸው፣ እነዚያንም እንደገና። ስንጣቂዎቹን የሻጋታ መድኃኒት ውስጥ ነክረው፣ እርጥበት ከሚይዝ ደቃቅ ጠጠር ጋር ላስቲክ ውስጥ አድርገው፣ አፉን አስረው፣ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጄትሮ ሸሚዞች ሥር አስቀመጧቸው።

ምላጩን ስታስቀምጥ አለቀሰች። ጄትሮ አቀፋት። መጀመሪያ የተሳሳሙት ያኔ ነው፣ በአልኮልና በሽንኩርት መሳይ ሽታ መሃል።

በጋው ረዘመ። አንዳንዱ ስንጣቂ ሻገተ፣ ተወረወረ። ብራዮኒ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቁም ሳጥኑ ነው የምትሮጠው፤ ላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፣ ትመልሳለች። ከአባቷ ጋር ግን ቤት ውስጥ ከ«ጨው አቀብይኝ» የዘለለ ወሬ የለም። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጄትሮ አንድ ቀን አይብ መሥሪያ ቤቱ ድረስ እየሮጠ መጣ፣ ላስቲኩን በካፖርቱ ሸፍኖ።

«በሞቴ እዪ!»

ከስንጣቂዎቹ መቀመጫ፣ በልጣጮቹ መሃል፣ የሕፃን ጥርስ የመሰሉ ነጫጭ ኮረቶች ወጥተዋል። ብራዮኒ ጮኸች። አሠሪዋ የአይብ ዕቃ ወደቀ ብሎ ደንግጦ ወጣ።

ብራዮኒ ግን ልማዱን አልረሳችም። ሁሉንም አንድ ግቢ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። ግማሹን ለጄትሮ ሰጠችው፣ ግማሹን ወደ አባቷ ወሰደች። አምብሮዝ ኮረቶቹን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«አዲስ አፈር ላይ ትከላቸው፣ አባዬ። በሰማይ አምላክ፣ አሮጌው መደብ ላይ እንዳታደርጋቸው።»

አምብሮዝ መዳፋቸውን ጨብጠው ወደ ግቢ ወጡ። በማግሥቱ ስትነሳ አጥሩ ሥር፣ ሊኔት ተንበርክካ በተከለችበት በዚያው በታመመው አፈር ቀብረዋቸዋል። ሌላ ቦታ መትከል ሚስታቸውን ከቤቷ ማስወጣት መሰላቸው። የካቲት መጣ፣ ከዚያ መደብ ምንም አልበቀለም።

ጄትሮ ግቢ ግን እንደ ሣር የቀጠኑ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ብራዮኒ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ሣር ይሆናል» አሉ ፊታቸውን አዙረው።

«መጥተህ ለምን አታይም?»

«ሳትፈካ አላምንም። ሌባ ቤትም አልገባም።»

ኮረት ከተሰነጠቀች በኋላ ለመፍካት ዓመታት ይፈጅባታል፣ ይኼን አምብሮዝ ያውቁታል። ብራዮኒም አየቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ባዶው መደብ ፊት ይቆማሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው። ጄትሮ አንድ ማታ ወንዙ ዳር «ከእኔ ጋር ኑሪ» አላት።

«እፈልጋለሁ። ከምንም በላይ እፈልጋለሁ» አለችው። «ግን አባቴ ባዶ አፈር ላይ ቆሞ ትቼው ብወጣ፣ ደስታዬን በምን ጉሮሮዬ እውጠዋለሁ? ያቺ አበባ ትፍካ። ያኔ ቢመጣም ባይመጣም እሱ ያውቃል፣ እኔ የበኩሌን አድርጌያለሁ።»

«ባትፈካስ?»

ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ጄትሮም ደግሞ አልጠየቃትም። ያን ዓመት ሁሉ ግቢው ያለችውን መደብ የጠበቃትን ያህል ራሱን ቢጠብቅ ኖሮ ጉንፋን ባልያዘው። ቀንድ አውጣ በእጁ ለቀመ፣ ዝናብ ሲበዛ ውኃ መውረጃ ቆፈረ፣ ትሏ ኮረት የሚበላው ዝንብ በምትበርበት ወራት መደቡን በስስ መረብ ሸፈነ። ተማሪዎቹ «ጋሼ ሕፃን እያሳደገ ነው» እያሉ ያሙት ጀመር።

በሦስተኛው ብርድ ከቅጠሎቹ መሃል ነጭ ጫፍ ታየ። ብራዮኒ ሥራዋን ትታ መጥታ አጠገቧ ቆየች። ፀሐይ ሞቅ ሲል የውጭ ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ጎንበስ ብላ በጣቷ አንገቷን ቀና አደረገቻት። ውስጧ አረንጓዴ የወፍ እግር ዱካ አለ፣ ጥርት ያለ። ያየችውን ለማመን ጄትሮን ክንዱን መቆንጠጥ ነበረባት።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሻዩን ለአባቷ እየቀዳች እንዲህ አለች፤ «አባዬ፣ የእማዬ አበባ ፈክታለች። ምልክቷ አለ። ጄትሮ ግቢ ናት።»

አምብሮዝ ስኒውን አስቀመጡ። ካፖርታቸውን ለበሱ። ቆባቸውን ረስተው ወጡ። ቀጭን በረዶ ይጥላል፤ ሚስተር ዊትኮም ቆብ ሳያደርጉ በመንደሩ መሃል ሲሄዱ መጋረጃ ያልገለጠ አልነበረም። የተቀየሟቸው የድሮ ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ «ምን ጉድ ነው?» እያሉ ተከተሏቸው። ጄትሮ በሩን ሲከፍት ከአምብሮዝ ጀርባ ግማሽ መንደር ቆሟል።

«የት ናት?» አሉ አምብሮዝ።

ጄትሮ በእጁ አመለከተ። አምብሮዝ ሄደው ሌባ ባሉት ሰው ጭቃ ላይ ተንበረከኩ። አበባዋን በአውራ ጣታቸው ቀና አደረጓት። እንባቸው ጭቃው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ሊኔት» አሉ። «ሊኔት ናት።»

ብራዮኒ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። አባቷ ሲያለቅሱ ከእናቷ ቀብር ወዲህ አይታ አታውቅም።

«ጄትሮ» አሉ አምብሮዝ ቀና ሳይሉ። «በድዬሃለሁ። ልጄ ፊት ነው የሰደብኩህ፣ ይኸው መንደሩ ሁሉ ፊት እላለሁ፤ በድዬሃለሁ።»

«እኔም መኮትኮቻዬን ትቼ መምጣት ነበረብኝ፣ ሚስተር ዊትኮም።»

ሽማግሌው በእንባቸው መሃል ሳቁ። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን ለማንም ያልሰጡት ሰው እጃቸውን ዘረጉ። «አንዲት... አንዲት ኮረት ትሰጠኛለህ?»

«የእኔ አይደለችም። ብራዮኒን ይጠይቋት።»

«እሰጥሃለሁ፣ አባዬ» አለች ብራዮኒ። «ግን አዲስ አፈር ላይ ትተክላታለህ። ደግሞ ስትበዛ ለወዳጅ ትሰጣለህ።»

«ወዳጅ የት አለኝ?» አሉ አምብሮዝ። «ሁሉንም አባረርኳቸው እኮ።»

«አጥሩን ተመልከት።»

ዞሩ። በጄትሮ አጥር ላይ የመንደሩ ሰው ክርኑን አስደግፎ ተደርድሯል፤ ለምነዋቸው ፊት የነሷቸው ሁሉ፣ ከፊት ደግሞ አንገቷን እንደ ዝይ ያሰገገችው የድሮ ጎረቤታቸው ሚስስ ፕሪስኮት።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ጮኹ አምብሮዝ። «ኑ ግቡ! ኑ እዩዋት! ለሁላችሁም ይደርሳል፤ ዛሬ አይደለም፣ ግን ይደርሳል! ሚስስ ፕሪስኮት፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ!»

«ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚለግሰው፤ አሞሃል እንዴ፣ አምብሮዝ?» አለች ሚስስ ፕሪስኮት።

«ድኛለሁ!»

ሳቅ ሆነ። መንደሩ በጠባቧ በር እየተጋፋ ገባ፣ በመደቧም ዙሪያ ሽማግሌው ባልቴቱ ሁሉ ተንበረከከ፤ በዚህ አገር የበረዶ ጠብታ የምትታየው እንዲያ ነውና። ጄትሮም በመሃላቸው ተንበርክኮ ነበር። ብራዮኒ ልብ ብላ ስታይ ግን ፊቱ ወደ አበባዋ አይደለም፣ ወደ እሷ ነው። ጆሮው ቀልቷል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ተንበርክኬ ላንቺ የምለው ነገር አለ። ሰው ሁሉ ስለተንበረከከ ማንም ልብ አላለኝም እንጂ።»

ብራዮኒ አፏን በእጇ ያዘች።

«አግቢኝ» አላት ጄትሮ። «ቀለበት አልገዛሁም፤ ዛሬ እንደምትፈካ ማን ነገረኝ?»

«እሺ።»

«ምን አልሽ?» አሉ አምብሮዝ ከወዲያ ማዶ። «ጮክ በይ እንጂ! የልጁ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ሊቀር ነው!»

«እሺ አልኩ!» ብላ ጮኸች ብራዮኒ። ደስታዋ ጉሮሮዋን ሞልቶት፣ በረዶው ፀጉሯ ላይ እየቀለጠ፣ መንደሩ በጭቃ እጁ ሲያጨበጭብ፣ ጎንበስ ብላ ጄትሮን አባቷ ፊት ሳመችው።